የአሸናፊው ገንዘብ ከማን ኪስ ወጣ? ትሬዲንግና ቁማር በአቡ ዳቢና በአል አይን

በጥቅምት 2025 አንድ የአቡ ዳቢ ነዋሪ በ50 ድርሃም ትኬት 100 ሚሊዮን ድርሃም ወጣለት። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሎተሪው ሕጋዊ ነው፤ ፈቃዱን የሰጠው የኢምሬትስ ፌደራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የዚያው አገር የ2021ዱ የወንጀሎችና ቅጣቶች ሕግ ደግሞ ቁማር የተጫወተን ሰው እስከ 2 ዓመት ሊያስር ይችላል። እዚያው ከተማ፣ አል ማርያህ ደሴት በሚገኘው የፋይናንስ ማዕከል ሥር፣ ከወራት በኋላ የሚረከቡት ድፍድፍ ነዳጅ ዛሬ ይገዛል፣ ይሸጣል፤ ይህን የሚሠሩት ሰዎች የፋይናንስ ባለሙያዎች ይባላሉ። ከደሴቱ ርቆ ሙሰፋህ የሚኖር ሾፌር፣ አል አይን ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ ሌሊት ሥራ ሲያልቅ ስልክ ከፍተው ወርቅ «ባይ» ያደርጋሉ፣ ዩሮ «ሴል» ያደርጋሉ። እነርሱስ ምንድን ናቸው? ነጋዴ? ባለሀብት? ቁማርተኛ?

መልሱ የሚያርፈው የሰው ደሞዝ ላይ ነው። በኢምሬትስ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወገናችን አብዛኛው በቤት ሥራ፣ በጥበቃ፣ በጽዳትና በሹፍርና ነው የሚተዳደረው። ለቤተሰብ የሚላከው ተልኮ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ያቺን ጥቂት የሚፈልጋት ግን ብዙ ነው። ቴሌግራም ላይ «ሲግናል»፣ ማለትም የግዙ፣ ሽጡ ጥቆማ የሚሸጥ አለ። «አካውንትሽን ስጪኝ፣ እኔ እነግድልሻለሁ» የሚል አለ። በቀን 10 በመቶ ትርፍ ቃል የሚገባም አለ። በሌላ በኩል አክሲዮኑም ፎሬክሱም ክሪፕቶውም ሎተሪውም አንድ ነው፣ ሁሉም ቁማር ነው ብሎ በሩን ጥርቅም የሚያደርግ አለ። ሁለቱም ወገኖች ይጎዱናል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ያለንን ይወስድብናል፤ ሁለተኛው ሊኖረን ከሚችለው ያርቀናል።

ዕድል ስላለበት ብቻ አንድ ነገር ቁማር አይሆንም። ለዚህ ከዕቁብ የተሻለ ምስክር የለንም። አል አይን ውስጥ አሥር ሴቶች በየወሩ 500 ድርሃም እየጣሉ ዕጣ ቢያወጡ፣ ጥር ላይ የወጣላትም ጥቅምት ላይ የደረሳትም የሚያገኙት እኩል 5,000 ድርሃም ነው። ዕጣው የሚቆርጠው ተራን ነው፤ የማንም ገንዘብ አይበላም። እንግዲህ ቁማርን ቁማር የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው፦ የአሸናፊው ገንዘብ እንዳለ ከተሸናፊው ኪስ መውጣቱ፣ በመሃሉም የተመረተ ዕቃ ወይም የተሰጠ አገልግሎት አለመኖሩ። ትሬዲንግ የሚባለውን ሁሉ በዚህ መለኪያ ለማየት እሞክራለሁ፤ መለኪያው የሚቸገርበት ቦታም አለና እሱንም አልሸሸውም።

የአገሩ ሕግ ጉዳዩን ቀድሞ አስቦበታል። የ1985ቱ የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ «የገረር ውሎች» በሚል ክፍል ሥር ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አስቀመጠ፦ ውርርድን፣ ዕድሜ ልክ የሚከፈል መተዳደሪያን እና ኢንሹራንስን። ገረር ውጤቱ ያልታወቀ፣ ጭፍን የሆነ ውል ነው። ሦስቱም ነገ በሚሆነው ላይ የተንጠለጠሉ በመሆናቸው ጎረቤት ሆኑ። ኢንሹራንሱና መተዳደሪያው ግን ተፈቀዱ፤ ውርርዱ ፈራሽ ሆነ፣ የተበላ ሰውም የከፈለውን መልሶ የመጠየቅ መብት ተሰጠው። ለውድድር ሽልማት ደግሞ ሕጉ በሩን ከፈተ። በአል አይንም ሆነ በአቡ ዳቢው አል ወስባ የግመል እሽቅድምድም የሚያሸንፍ ባለግመል መኪና ወይም ገንዘብ ይሸለማል። ሽልማቱ የሚወጣው ከአዘጋጁ እንጂ ከተሸነፉት ባለግመሎች ኪስ አይደለም፤ ስለዚህ ቁማር አይባልም። ሕጉም እንግዲህ የጠየቀው ያንኑ ነበር፤ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ከ2023 ወዲህ ግን ነገሩ ተቀየረ። በመስከረም 2023 የንግድ ጨዋታዎች ጠቅላይ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሊቀመንበር የሆኑትም የላስ ቬጋሱን የካዚኖ ኩባንያ ኤምጂኤምን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ይመሩ የነበሩት ጂም መረን ናቸው። በሐምሌ 2024 የሎተሪ ፈቃድ ተሰጠ፣ በጥቅምት 2024 ራስ አል ኸይማ ላይ ለሚሠራው የዊን ሪዞርት የካዚኖ ፈቃድ ተከተለ። ሕጉ ዛሬ የሚነግረን ማን እንደተፈቀደለትና ማን እንዳልተፈቀደለት ነው። ይህ ለፖሊስ ይበቃል። ደሞዙን ይዞ ለሚያስብ ሰው ግን ፈቃድ የአንድን ነገር ባሕርይ አይነግረውም።

ለእስልምና ተከታይ ወገኖቻችን ጥያቄው ከፖሊስም በላይ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 219ኛውና በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ መይሲርን፣ ማለትም ቁማርን፣ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ያነሳዋል። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ በግንቦት 1992 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ ስለ ገበያዎች ሲወስን፣ ሥራው ሐላል የሆነ ኩባንያ አክሲዮን መግዛትን ሲቀበል የኦፕሽን ውልን፣ ማለትም በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የመግዛት ወይም የመሸጥ መብትን መሸጥ፣ አልተቀበለም። ምክንያቱ ሊጤን የሚገባው ነው፤ አክሲዮን የገዛ ሰው የኩባንያውን ንብረት ድርሻ ያዘ፣ ኦፕሽን የገዛ ሰው ግን የያዘው ንብረት የለም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። ብዙ የፎሬክስ ብሮከሮች ለባሕረ ሰላጤው ደንበኛ «ኢስላሚክ አካውንት» ያቀርባሉ። ያስቀሩት ሳይዘጋ ባደረ ግብይት ላይ የሚታሰበውን ወለድ ነው። የሪባው፣ ማለትም የወለዱ፣ ጥያቄ በዚህ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ የመይሲሩ ጥያቄ ግን እዚያው እንደቆመ ነው። ሃይማኖቷን ፈርታ የምትጠይቅ ሴት በስሙ ብቻ ልቧ እንዲያርፍ ማድረግ በደል ነው።

አሁን ወደ ተከበረው ገበያ እንሂድ፤ መለኪያው የሚቸገረው እዚህ ነው። በመጋቢት 2021 መጨረሻ አይስ ፊውቸርስ አቡ ዳቢ የተባለው ገበያ ሥራ ጀመረ። ዋናው ዕቃው የአቡ ዳቢው መርባን ድፍድፍ ነዳጅ ነው፤ አንዱ ውል 1,000 በርሜል፣ ርክክቡ ፉጀይራ ላይ። ነዳጅ አምራቹ ዋጋ እንዳይወርድበት ይሰጋል፣ እስያ ያለው ማጣሪያ ዋጋ እንዳይወጣበት ይሰጋል። ሁለቱ ዛሬውኑ በዋጋ ቢስማሙ ሁለቱም ይተኛሉ። ነገር ግን ሻጭና ገዢ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መጠን አይገናኙም። በመሃል ነዳጅ የሌለው፣ ነዳጅም የማይፈልግ ሦስተኛ ሰው ይገባና ሥጋቱን በዋጋ ይሸከማል። ይህ ሰው ያተረፈው ሌላው የከሰረውን ነው፤ በሂሳብ ካየነው ከቁማር አይለይም። ሆኖም የሰጠው አገልግሎት አለ፤ ሥጋት ተሸክሟል።

በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቺካጎ የእህል ገበያን ጉዳይ ሲያይ፣ ዳኛው ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ የያዙት መከራከሪያ ይህንኑ ነበር፤ አዋቂ ሰዎች ስለ ነገ ዋጋ የሚያደርጉት ግምት ኅብረተሰቡ ለሚመጣው ነገር ራሱን የሚያዘጋጅበት መንገድ ነው አሉ። ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜናርድ ኬንስ ደግሞ በ1936 መጽሐፋቸው የአንድ አገር የካፒታል ዕድገት የካዚኖ ጨዋታ ትርፍራፊ ሲሆን ሥራው ሳይበላሽ አይቀርም ብለው አስጠነቀቁ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ሆልምስ የተናገሩት ስለ አዋቂዎቹ ነው፣ ኬንስ የተናገሩት ሕዝቡ ተከትሎ ሲገባ ስለሚሆነው ነው።

ሕዝቡ ተከትሎ ሲገባ ምን እንደሚሆን ባሕረ ሰላጤው ራሱ በሚገባ አይቶታል። ኩዌት ውስጥ ሱቅ አል መናኽ የሚባል፣ ከመደበኛው የአክሲዮን ገበያ ውጭ የቆመ ገበያ ነበር። ይሸጥበት የነበረው በባሕሬንና በኢምሬትስ የተመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮን ነው፤ አንዳንዶቹ ከወረቀት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም። ክፍያው የሚፈጸመው ቀኑ ወደፊት በተጻፈ ቼክ ነበር። በነሐሴ 1982 አንዱ ቼክ ሳይመነዘር ሲቀር ሁሉም ተናደ፤ ሲቆጠር ወደ 29,000 ቼኮች፣ በድምሩ 94 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገኘ። አቡ ዳቢ በኅዳር 2000 መደበኛ የአክሲዮን ገበያዋን ከፈተች፤ ፈተናው ግን ተከትሏት መጣ። በ2005 አባር ፔትሮሊየም አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ የመጣው ጥያቄ ከቀረበው 800 እጥፍ ገደማ ነበር። ሰው ከባንክ እየተበደረ ተሰለፈ። በ2006 የአቡ ዳቢ ገበያ ከ40 በመቶ በላይ ወረደ። ገበያው ፈቃድ ነበረው፣ ኩባንያዎቹም እውነተኛ ነበሩ። በብድር ገንዘብ፣ የማያውቁትን ነገር፣ ነገ ለሚመጣው ሰው አስወድዶ ለመሸጥ ብቻ የገዛው ሰው ግን መናኽ ከነበረው ሰው በምን ይለያል?

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ የወገኖቻችን ገንዘብ የሚቀልጠው እዚያ ነውና። ፎሬክስ ወይም ሲኤፍዲ በሚባለው ግብይት ዩሮ የገዛ ሰው ዩሮ አይረከብም፣ ወርቅ የገዛችም ወርቅ አታይም። የያዙት ከብሮከሩ ጋር በዋጋ ልዩነት ላይ የተገባ ውል ነው። ሌቨሬጅ ተጨምሮበት በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ግብይት ይከፈታል፤ በ1 ለ100 ሌቨሬጅ ዋጋው 1 በመቶ ወደማይሆን አቅጣጫ ቢሄድ ያስያዙት በሙሉ ያልቃል። ወርቅ በአንድ ቀን 1 በመቶ መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያሰላው ስፕሬዱን፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

እስቲ እናስላው። አንዲት ሴት 300 ዶላር አስገባች እንበል። 0.1 ሎት የዩሮና ዶላር ግብይት 10,000 ዩሮ ነው፤ አንድ ፒፕ፣ ማለትም ትንሹ የዋጋ እርምጃ፣ 1 ዶላር ይሆናል። ስፕሬዱ 1.5 ፒፕ ከሆነ እያንዳንዱ ግብይት ገና ሲከፈት 1.5 ዶላር ይወስዳል። በቀን 10 ጊዜ ብትነግድ 15 ዶላር፣ በ20 የሥራ ቀን 300 ዶላር። ግምቷ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ሆኖ ቢቻቻል እንኳ በወሩ መጨረሻ ያስገባችው ገንዘብ በሙሉ ለብሮከሩ ተከፍሏል። ዋጋው ሊጎዳት አላስፈለገውም። «አካውንቴ ተቃጠለ» የሚሉ ብዙዎች ያቃጠላቸው ገበያው ይመስላቸዋል፤ ይህ ጸጥተኛ ክፍያም ግን ከበሉት አንዱ ነው።

ጥናቶቹም ያንን ነው የሚሉት። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 ባወጣው መረጃ ሲኤፍዲ ከሚነግዱ ተራ ደንበኞች አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው ይከስራሉ፤ በዚያው ዓመት ሌቨሬጅን ከ1 ለ30 እንዳይበልጥ ወሰነ፣ ባይነሪ ኦፕሽንን ለተራ ደንበኛ ከለከለ። የሕንድ ተቆጣጣሪ በ2024 እንዳስታወቀው በሦስት ዓመት ውስጥ በአክሲዮን ፊውቸርስና ኦፕሽን ከነገዱ ግለሰቦች 93 በመቶው ከስረዋል። «መጀመሪያ ሁሉም ይከስራል፣ ልምድ ነው የሚያሸንፈው» ለሚሉት ደግሞ የብራዚሉ ጥናት መልስ አለው። ተመራማሪዎቹ የተከታተሉት ከ300 በሚበልጡ ቀናት ፊውቸርስ የነገዱ 1,551 ሰዎችን ነው፤ 97 በመቶው ከሰሩ፣ ከአገሩ ዝቅተኛ ደሞዝ በላይ ያገኙት 1.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ሙያ ተለማማጁ በቆየበት ልክ ካላሻሻለው ሙያ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

በዚህ ግብይት ባላጋራው ማን ነው የሚለውን ጥያቄም መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ብሮከሮች የደንበኛዋን ትእዛዝ ወደ ትልቁ ገበያ አይልኩትም፤ ራሳቸው በተቃራኒው ይቆማሉ፣ እርሷ ስትከስር ያ ገንዘብ የእነርሱ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ከተሞች እንዲሁ የሚሠሩ ቤቶች ነበሩ። አክሲዮን ሳይገዙ ደንበኛን በአክሲዮን ዋጋ ላይ ያወራርዱ ነበር፤ በኋላ በሕግ ተዘጉ። እንግሊዝ አገር ዛሬ አንዱን የዋጋ ልዩነት ውል ሲኤፍዲ ብላ ግብር ታስከፍልበታለች፣ ሌላውን መንትያ ውል ውርርድ ብላ ከግብር ነፃ ታደርገዋለች። ማስታወቂያው ላይ የአቡ ዳቢ ወይም የዱባይ ሕንፃ ያሳየ ድርጅትም ውሉን የሚያስፈርመው ሩቅ ደሴት ላይ በተመዘገበ እህት ኩባንያ ስም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የኢምሬትስ ተቆጣጣሪ ለደንበኛዋ ላይደርስላት ይችላል።

ከዚህ በታች የሚወርድም አለ፤ ግብይት ጨርሶ የሌለበት። ዱባይ ውስጥ ኤክሴንሻል የተባለው ድርጅት በፎሬክስ ስም ከብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ሰብስቦ በ2016 ተዘጋ፤ ባለቤቱ በ2018 ከ500 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ይህ ሌብነት ስለሆነ የቁማር ክርክራችን ውስጥ አይገባም። ያነሳሁት በየቴሌግራሙ «አካውንትሽን ስጪኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህኛው ወገን ስለሆነ ነው።

አክሲዮን ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ላይ አልወላውልም። አል አይን ውስጥ በየቤቱ የሚጠጣው የአል አይን ውሃ የአግትያ ምርት ነው፤ አግትያ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በአቡ ዳቢ ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ ነው። የታክሲ ሾፌሩ ነዳጅ የሚቀዳበት አድኖክ ዲስትሪቢውሽን በታኅሣሥ 2017 አክሲዮኑን በ2.50 ድርሃም ለሕዝብ ሸጧል። ውሃው ሲሸጥ፣ ነዳጁ ሲቀዳ ትርፍ ይመጣል፤ ከትርፉ የትርፍ ድርሻ ይከፈላል። እኔ እንዳተርፍ አንቺ መክሰር የለብሽም። ኪሳራ የለም ማለት አይደለም፤ ሁላችንም የምንገበይበት ሉሉ በኅዳር 2024 በ2.04 ድርሃም ገበያ ገብቶ በተከታዩ ዓመት ከዚያ ዋጋ በታች ወርዷል። ነገር ግን ሱቁ አለ፣ መደርደሪያው አለ፣ ሸማቹ አለ፤ አክሲዮን የያዘ ሰው የዚያ ሁሉ ባለድርሻ ነው። ይህ ዕድል ለሼኮችና ለባንኮች ብቻ የተተወ የሚመስላቸው ወገኖቼ ያሳዝኑኛል። የኢምሬትስ መታወቂያ ያለው ነዋሪ ከአቡ ዳቢ ገበያ የባለሀብት ቁጥር አውጥቶ መግዛት ይችላል።

ይሁንና አክሲዮንንም ቁማር ማድረግ ይቻላል። ባርበርና ኦዲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን አካውንት አጥንተው ነበር። ገበያው በአማካይ በዓመት 17.9 በመቶ ሲያተርፍ፣ በየጊዜው ከመግዛትና ከመሸጥ የማያርፉት ያገኙት 11.4 በመቶ ብቻ ነበር። ታይዋን ውስጥም በ2002 ብሔራዊ ሎተሪ ሲጀመር የአክሲዮን ግብይቱ መጠን ቀነሰ። ከገበያው ወደ ሎተሪው የሄዱት ሰዎች ቀድሞውኑ አክሲዮኑን ለምን ይነግዱ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላውቅም።

ሎተሪውንስ? ቢግ ቲኬት ከ1992 ጀምሮ በአቡ ዳቢ አየር ማረፊያ ሲሸጥ የኖረ ነው፤ አንዱ ትኬት 500 ድርሃም ስለሆነ ሠራተኞች ተሰባስበው ይገዙታል። መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ሎተሪ ሲጀመር ከ31 ቀኖች 6፣ ከ12 ወሮች 1 የሚመረጥበት ነበር፤ የሚቻለው ምርጫ ሁሉ ሲባዛ 8,835,372 ይሆናል። ሁሉንም ለመግዛት ከ441 ሚሊዮን ድርሃም በላይ ያስፈልግ ነበር፣ ዋናው ዕጣ ግን 100 ሚሊዮን ነበር። ይህ ቁማር ነው፣ መጥፎ ሂሳብም ነው። ከስልኩ ትሬዲንግ ጋር ሳስተያየው ግን ሎተሪው ባይወጣ የሚጠፋው ትኬት የተገዛበት ገንዘብ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው ሎተሪ ቆራጭ መሆንን ሙያ ብሎ ሥራውን አይለቅም፣ የተበላውን ለማስመለስም ሌሊቱን በሙሉ አይነቃም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የቁማር ሕመምን ከሱሶች ተርታ ሲያስቀምጥ ከምልክቶቹ አንዱ ያደረገው የተበላውን ለማስመለስ መመላለስን ነው። ፎሬክሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ ክሪፕቶው ቅዳሜና እሁድንም አያርፍም። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ያላት ሴት ያችኑ ቀኗን ስታጣ አስቡት።

አገር ቤትም ጥያቄው ደርሷል። ጥር 2025 ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2024 እስከ የካቲት 2025 በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን አቅርቦ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮኑን ገዙ፤ ያልተሸጠው ይበዛል። ሰው ስለፈራ ወይም ስላልገባው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ያው ሰው ግን በስልኩ ስፖርት ውርርድ ሲቆርጥ አይፈራም። የአዲስ አበባው ገበያ ገና ጥቂት ኩባንያዎች ያሉበት ነው፤ ብዙ ብር ጥቂት አክሲዮን ማሳደድ የጀመረ ዕለት የ2005ቱ አቡ ዳቢ እዚያ ይደገማል። ከአረብ አገር ቁጠባ ይዘው የሚመለሱት ደግሞ መጀመሪያ ከሚጠሩት መካከል ናቸው።

ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ከጉዞ በፊት ሥልጠና እንዲወስዱ ሕጋችን ያዝዛል። ስለ ቤት ዕቃ አጠቃቀም፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ መብትና ግዴታ ይማራሉ። የ300 ዶላሯን ሂሳብ፣ የስፕሬዱንና የሌቨሬጁን፣ ከዚያም የአንድ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ እንዴት እንደሚከፈል በግማሽ ሰዓት ማሳየት ይቻላል። አቡ ዳቢ ያለው ኤምባሲያችንም፣ በየቤተ እምነቱ የሚሰበሰቡት ማኅበራትም ይህን ግማሽ ሰዓት አያጡትም።